ሚጢጢ ሆን ብላ ስትሳሳት

«የደወለልኝ ሰው የልጄን ስም፣ ክፍሏን፣ ቤታችን የት እንደሆነ ሳይቀር ነገረኝ እኮ! ድምፁን ጭራሽ አላውቀውም!»

እናትየዋ ይህን ብላ ከኮምፒውተር ክፍሉ ስትወጣ ሚጢጢ በመስኮቱ አየቻት። ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። እኩዮቿ ገመድ ይዘላሉ፣ እሷ የእናቷን እጅ ይዛ ሄደች።

የኮምፒውተር አስተማሪው መነጽሩን አወለቀ። «በዚያው ቀዳዳ ነው የገቡት» አለ።

የትምህርት ቤቱ ሰርቨር የሚሠራበት ሶፍትዌር አርጅቷል። የድረ ገጹን አድራሻ እንዴት አጣሞ እንደሚጽፍ ያወቀ ሰው ያለ ፓስወርድ ዘው ብሎ የተማሪዎችን መረጃ ያነባል። ቀዳዳው የሚደፈነው አዲሱ ሲጫን ነው። ታዲያ አዲሱ ከተጫነ የሚጢጢ ወንድም የሠራው መግቢያ ገጽ አይሠራም።

ወንድሟ ገጹን የሠራው እዚሁ ሲማር ነበር። ዓምና ታሞ ሞተ። እሷ ፓስወርዷን ስትሳሳት ለእሷ ብቻ የሚወጣ ተረብ ደብቆላታል፦ «ሚጢጢ፣ የተኛው ጣትሽ ነው ጭንቅላትሽ?» በፊት ስታነበው ትበሽቅና «ሁለቱም!» ብላ ከሳሎን ትጮኽበት ነበር። አሁን ሲናፍቃት ሆን ብላ ትሳሳታለች።

ሶፍትዌሩ ይታደስ የሚል ማስጠንቀቂያ የመጣ ጊዜ፣ እንዳይነካው አስተማሪውን አልቅሳ የለመነችው እሷ ናት።

«እስክትመረቂ አልነካውም ብዬሽ ነበር» አለ። «ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ሲገባኝ አንጀቴ አልችል አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእኔም ነው፣ ቲቸር።»

«ከፈለግሽ ጽሑፉን አዲሱ ላይ ገልብጬ አስገባልሻለሁ።»

ሚጢጢ ራሷን ነቀነቀች። «ይቅር። እርስዎ ሲሉኝ አያስቅም።»

አስተማሪው ፈገግ ሊል ሞክሮ አቃተው። ሰርቨሩ ጥግ ላይ ያጓራል። ወንድሟ «ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ» ይለው ነበር። ከውጭ የገመድ ዘላዮቹ ጫጫታ ይሰማል፤ የአንዷ ድምፅ ግን የለበትም።

«አንዴ ልግባ?» አለች።

አስተማሪው ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረላት። ስሟን ጻፈች። ፓስወርዱን እያወቀችው አሳስታ ጻፈች። ተረቡ ወጣ። ቶሎ ላለመጨረስ አንድ አንድ ቃል እያለች አነበበችው፤ ፊደሎቹ በእንባዋ ውስጥ ተደባለቁባት።

«ሁለቱም» አለችው ቀስ ብላ።

ከዚያ ተነስታ ወንበሩን ለአስተማሪው ለቀቀችለት።