ኦቦ ደበላን የሚያጥበው ሰው

እኔ በጥንቆላ፣ በቃልቻ፣ በሙት መንፈስ አላምንም፣ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምር ተነስቼ የምሄድ ነኝ፣ አርባ ዓመት ድንጋይ ስጠርብ ኖሬ በመዶሻ ሲመታ የማይጮህ ነገር ለእኔ እንደሌለ ነው የምቆጥረው። ይሄን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እመነኝ ወዳጄ፣ አንድም አልጨመርኩበትም።

እዚህ አምቦ፣ ከቤቴ ቀጥሎ፣ ኦቦ ደበላ የሚባል ሽማግሌ አለ። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ እኔ ገፍቷል ብዬ ተጣልተን ስድስት ዓመት ሰላምታ አልተለዋወጥንም። ባለፈው ሚያዝያ ግማሽ ጎኑን ያዘውና አልጋ ላይ ቀረ፣ ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ የለውም፣ የጸሎት ቤቱ ሰዎች እሁድ እሁድ መጥተው ዘምረውለት ይሄዳሉ፣ በሌላው ቀን ማን እንደሚያበላው፣ ማን እንደሚያገላብጠው አልጠየቅሁም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደንታም አልነበረኝ። የንስሐ አባቴ «ሂድና ጠይቀው» ቢሉኝ «አስቀድሞ አጥሩን ይመልስ» ብያቸዋለሁ።

ነሐሴ ላይ ጉልት የምትቸረችረው አስካለ መንገድ ላይ አስቆመችኝ።

«ጋሽ ተክሌ፣ ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልን! ክርስቲያን ማለት እንዲህ ነው!»

«ምን አድርጌ?»

«ውይ፣ ደግሞ መደበቅዎ! ኦቦ ደበላን እንደ ሕፃን እያጠቡት አይደል? ትናንትም አስር ሰዓት ላይ ጄሪካን ይዘው ሲገቡ አይቼዎታለሁ።»

አሽሙር መሰለኝ፣ «ሂጂ ቲማቲምሽን ሽጪ!» ብያት አለፍኩ። ማታ ደግሞ የሰፈሩ ባለ ባጃጅ ያንኑ ደገመልኝ። እኔ እኮ ትናንት ቀኑን ሙሉ ጉደር፣ እህቴ ቤት ነበርኩ!

ጠረጠርኩ፣ እንዴት አልጠረጥር? ቤቱ አስፋልት ዳር ነው፣ ወራሽ የለውም፣ አንዱ ሌባ የእኔን ኮትና ኮፍያ የመሰለ ለብሶ፣ ሽማግሌውን አባብሎ ሊያስፈርመው ነው፣ ነገ ነገሩ ሲወጣ ስሙ የሚነሳው ደግሞ የእኔ ነው አልኩ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዱላዬን ይዤ ገባሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማነው እዚህ የሚመጣው?» ከስድስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ይሄ ነው።

ፈገግ አለ። «ተክሌ፣ ዛሬ ቀደም አልክ።»

«እኔ እዚህ ቤት ረግጬ አላውቅም!»

«እሺ፣ አልረገጥክም» አለኝ፣ ሰካራም እንደሚያባብል ሰው። «ያቺ መዶሻ ያጣመማት አውራ ጣትህ ናት ለብቻዋ እየመጣች ጀርባዬን የምትፍቀኝ።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ከበሩ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ቤቱ ይሸታል፣ ኦቦ ደበላ ከስሩ ረጥቧል፣ «ተክሌ፣ ጎኔ ተቃጠለ፣ ገልብጠኝ» ሲለኝ «ዝም በል፣ ይሰማናል» እለዋለሁ። ይሄን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

አስር ሰዓት ሲል የአጥሩ በር ሲጢጥ አለ። ቀጥሎ ጄሪካን ውስጥ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሳል። ያን ሳል አውቀዋለሁ፣ የድንጋይ ብናኝ ደረቴ ላይ የተወብኝ የራሴ ሳል ነው፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። በበሩ ስር የሚገባው ብርሃን ጠቆረ፣ ሰው ቆሟል ማለት ነው። ትንፋሼን ዋጥኩ፣ ብታምነኝም ባታምነኝም፣ ከበሩ ወዲያ ያለውም ትንፋሹን ዋጠ።

በሩን በርግጄ ወጣሁ፣ ማንም የለም። ደጃፉ ላይ ጄሪካን ተቀምጧል፣ ብነካው ውሃው ሞቅ ያለ ነው፣ በዚያ ዝናብ! ጭቃው ላይ ሁለት ተራ የቦት ጫማ ዱካ አለ፣ ሁለቱም በእኔ ጫማ ልክ፣ ሁለቱም ወደ ቤቱ የሚመጡ፣ የሚመለስ አንድም የለም።

«ኧረ ውሃው ሳይቀዘቅዝ!» አለኝ ኦቦ ደበላ ከውስጥ።

ምን ላድርግ? አጠብኩት። ጎኑ ላይ ያለውን ቁስል ያየሁት ያን ቀን ነው፣ ቁስሉ ዳር ዳሩን እየዳነ ነበር፣ አንድ ሰው ሲጠነቀቅለት ቆይቷል። ስጨርስ «ዛሬ እጅህ ከበደኝ» አለኝ ቅር ብሎት።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሄዳለሁ። ለጽድቅ አይምሰልህ፣ ያ ሰው በእኔ ምክንያት ቀርቶ ቢሆንስ፣ እኔም ከቀረሁ ሽማግሌው ተኝቶ መበስበሱ ነው። አጠባውን ለመድኩ፣ ገንፎ ማገንፋትም ለመድኩ፣ ስለ አጥሩ ግን አንዳችንም አንስተን አናውቅም፣ ሥራዬን እጨርሳለሁ፣ ደህና ዋል ብዬ እወጣለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ዝናብ ይዞኝ ትንሽ ዘገየሁ። ገንፎውን ይዤ በሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ፣ አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል፣ ምን እንደሚል አይለይም፣ ኦቦ ደበላ ደግሞ ይስቃል፣ እንባው እስኪመጣ፣ ልጅ እንደሚስቀው። እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ፣ መለስኩት፣ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ሳጥበው ምንም አልጠየቅሁትም። ምን ብዬ? ከእኔ ጋር አንድም ቀን ስቆ አያውቅም።