ትኩሳት የሌለበት ልጅ

«ዓሪፍ ትኩሳት ይዞታል። ቶሎ ነይ!»

ናጅዋ ለእናቷ ይህን ብላ ስልኩን ዘጋችው። የአራት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ዓሪፍ ግቢው ውስጥ የላስቲክ መኪናውን አፈር እየጫነ ይጫወታል። ምንም አልሆነም።

እናቷ ሀስና ልጆቿን ለማሳደግ ብላ የተወችውን የእንስሳት ጤና ባለሙያነት ዘንድሮ እንደገና ጀምራለች። ከዚያ ወዲህ ናጅዋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዓሪፍም፣ ወጡም፣ እቃ ማጠቡም እሷን ይጠብቃታል። አባቷ ወልድያ ካለው ሱቁ የሚመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሟ አሚር ደግሞ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። የናጅዋ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሷል፤ የከሰዓቱ የሒሳብ ማጠናከሪያ ዛሬም ሊያመልጣት ነው።

ሀስና ከባጃጅ ዘላ ወረደች። ቦት ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ጋዋኗን እንኳ አላወለቀችም።

«ልጄስ?»

ዓሪፍ እየሳቀ ሮጦ እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ግንባሩን ነካችው፤ አንገቱን ነካችው። ከዚያ ወደ ናጅዋ ዞረች።

«ዋሽተሽኝ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» ናጅዋ ጮኸች። «አንቺ ሥራ ስትጀምሪ እኔ የቤት ሠራተኛ ሆንኩ! ማን ጠየቀኝ?»

«ገበሬዎቹ ሲሪንቃ መንገድ ላይ ከብቶቻቸውን ለክትባት አስረው እየጠበቁኝ ነበር። ጥያቸው መጣሁ!» አለች ሀስና። «እዚያው የነበረው አለቃዬ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ድሮም የልጆች እናት አትቀጠር ብዬ ነበር።› ሰው ሁሉ እየሰማ! አንቺ ደግሞ ቃሉን እውነት አደረግሽለት።»

ናጅዋ የእናቷን ጭቃ የለበሰ ቦት ጫማ አየች። ንዴቷ ግን አልበረደም።

አሚር ከክፍሉ ብቅ አለ። «ምንድነው ጩኸቱ? ምሳ የለም እንዴ?»

ሁለቱም ዞረው አፈጠጡበት።

«እሱንስ?» አለች ናጅዋ ወደ አሚር እየጠቆመች። «ከእኔ ይበልጣል። አንድ ቀን አዘሽው ታውቂያለሽ?»

ሀስና አሚርን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ወላሂ፣ አላዘዝኩትም» አለች። ዓሪፍን አንስታ አሚር እቅፍ ውስጥ አስቀመጠችው። «ምሳ አንተ ትሠራለህ። እሱንም አብላው።»

«እኔ? አትቀልጂ እንጂ፣ እማ!»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

ባጃጁ ገና በር ላይ ነበር፤ ሀስና ወደ ክትባቱ ቦታ ልትመለስ ተሳፈረች። ናጅዋ ደብተሯን ይዛ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱም እንደተቆጡ ነበሩ። ጋዋኑ ከብት ከብት ይሸታል። ናጅዋ አፍንጫዋን ልትይዝ ብላ ተወችው።

ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ባጃጁ ቆመ። ናጅዋ አልወረደችም።

«ውረጂ እንጂ፤ ሒሳቡ ሊያልፍሽ ነው» አለች ሀስና።

«ሒሳቡን ከጓደኛዬ እገለብጣለሁ። መጀመሪያ ለአለቃሽ የዋሸሁት እኔ መሆኔን ልንገረው።»

ሀስና ትክ ብላ አየቻት። «ይጮህብሻል።»

«ይጩህ» አለች ናጅዋ፤ ወደ ሹፌሩም ጎንበስ ብላ፣ «ይቀጥሉ» አለችው።