የሩቁ ዳር መረብ

ጀልባዋ ከአሰንዳቦ በታች ካለው የግድብ ሐይቅ ዳር ስትላቀቅ፣ የዓሣ ተመራማሪው ዶክተር ሆሴዕ ፊቱን ወደ ነጩ ምሰሶ ሊያዞር አልደፈረም። ምሰሶው በውኃው መካከል ለሙከራ የተተከለ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ነበር። ባለፈው ዓመት ከሥሩ መረብ ጥሎ፣ ዓሣው ሲርመሰመስ አይቶ፣ «ምሰሶው ዓሣ አብዝቷል» ብሎ የመሰከረ እርሱ ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ስብሰባ በዚያ ቃል ተመሥርቶ የሌሎች ምሰሶዎች ተከላ ሊጸድቅ ነው። ወደ ማዶው የገባር ወንዝ አፍ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም።

«ጋሽ ከሊል፣ ከስብሰባው በፊት እንመለሳለን?»

«ነፋሱ ከፈቀደ፣ ኢንሻ አላህ» አሉ ሽማግሌው አስጋሪ። «በዚያ ዳር ልጆቼን አሳድጌአለሁ። አሁን መረቤ የሚይዘው ቅጠል ነው ብል ማን ይሰማኛል?»

ነፋሱ አልፈቀደም። ከሰኮሩ ተራሮች ወርዶ ውኃውን ገለበጠው፤ ጀልባዋንም አንሥቶ በሐይቁ በተዋጡት ዛፎች ደረቅ ቅርንጫፎች መካከል ወረወራት። ሆሴዕ በጣሳ ውኃውን እየቀዳ ሲደፋ፣ ከሊል በመቅዘፊያው ግንዱን ገፍተው አስለቀቋት።

ማዶ ደርሰው መረቡን መሳብ ሲጀምሩ ሸምበቆው ተሰነጠቀ፤ ጉማሬ አፉን ከፍቶ መጣ።

«ይልቀቁት፣ ዶክተር!»

«አልለቅም!»

ገመዱ መዳፉን ላጠው። አውሬው ጠልቆ የጀልባዋን ጎን ደለቀው፤ አንድ ሳንቃ ተሰነጠቀ። ከሊል ከሱሪያቸው በላይ ያገለደሙትን ሽርጥ ፈትተው ስንጥቁን ወተፉት።

«ባለቤቴ ሽርጥህ የት ገባ ካለች» አሉ እያለከለኩ፣ «ጉማሬ ለበሰው ይበሉልኝ።»

መረቡ ወጣ። ቅጠል፣ ጭቃ፣ ጣት የምታህል አንዲት ዓሣ። ሆሴዕ ትንሿን ዓሣ በመዳፉ እንደያዘ ወደ ነጩ ምሰሶ ዞረ። አንድ መረብ ለፍርድ አይበቃም፤ የእርሱን ምስክርነት ለማፍረስ ግን ይበቃል። ዓሣው አልበዛም፤ ከዚህ ለቅቆ ምሰሶው ሥር ተሰበሰበ እንጂ።

ሲመለሱ በምሰሶው ዙሪያ የሚያሰግሩት ወጣቶች በገመድ መንገዱን ዘጉባቸው። መሪያቸው ጀቤሳ ሳቀ።

«ኦቦ ከሊል፣ ሐይቁ ሞልቶ ቅጠል ያሰግራሉ እንዴ?»

ሆሴዕ ከማዶ ያገኙትን ሲነግረው ግን ሳቁ ጠፋ፤ መረቡን ጨምድዶ ያዘ። «ዶክተር፣ እዚህ ዓሣ አለ ያሉን እርስዎ አይደሉም? ጀልባዬን የሠራሁት በእርስዎ ቃል ነው!»

«ተሳስቼ ነበር። የምታወጣው የእነ ጋሽ ከሊልን ዓሣ ነው። ሲያልቅ ያንተም መረብ ይህንኑ ይመስላል።»

«ታዲያ ያኔ ማዶውን ለምን አላዩም?»



«ሩቅ ነበር» አለ ሆሴዕ።

ጀቤሳ የሆሴዕን የተላጠ መዳፍ፣ ከዚያም ፊቱን አየ። ገመዱንም ፈታ። «ለስብሰባው ሰዎችም እንዲሁ ይንገሯቸው።»

ነገራቸው። ጭቃ የለበሰውን መረብ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ለምን አስቀድሞ እንዳላየ ሲጠየቅ ያንኑ ቃል ደገመ። ተከላው ሌላ ጥናት እስኪደረግ እንዲቆይ ተወሰነ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ከሊል» አለ ሆሴዕ በአዳራሹ በር ላይ።

ሽማግሌው እርጥብ ሽርጣቸውን ጨመቁ። «የይቅርታውን ነገር ዓሣው ሲመለስ እንነጋገራለን። ነገ ማዶ ስንሻገር ግን የሚቀዝፉት እርስዎ ነዎት።»