ከባሌ ጎን የተቀመጠችው

እኔ ጌታን አምናለሁ፣ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ግን ሳቄን ነው የሚያመጣው፣ እውነቴን ነው፣ ጎረቤቶቼ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ «እናንተ ሥራ ፈቶች!» ብያቸው እገባለሁ። ቅናተኛ መሆኔን ግን አልክድም። ባሌ ምስጋናው ፍኖተ ሰላም ባለችው ትንሿ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወታል፣ መዝሙርም ይደርሳል፣ ለኳየሩ ስንት ዜማ አውጥቷል፣ ለእኔ ግን ለሠርጋችን እንኳን አንድ አላወጣልኝም። አያናድድም?

ባለፈው ክረምት ባጃጅ ተገልብጦበት ግራ ክንዱ ጀሶ ገባ። በቃ ቤት ሊውልልኝ ነው ብዬ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በሆዴ ደስ አለኝ፣ እሱ ግን «የጀመርኩትን ዜማ በአንድ እጄም ቢሆን ልጨርሰው» ብሎ ይወጣል። ደግሞ ከቡሬ የመጣች ሰብለ የምትባል ዘማሪ አለች፣ ድምጿ ማር ነው፣ በዚህች ልጅ ምክንያት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዤለት ሄድኩ። ጃንጥላው ሰበብ ነው፣ መቼም ገብቷችኋል። በሩ ጋ ስደርስ ኦርጋኑ ይሰማል፣ ቀጭኑ ድምፅ ሲሮጥ ወፍራሙ ከሥር ቀስ እያለ ይከተለዋል፣ ይህ የሁለት እጅ ሥራ ነው፣ የኦርጋን ተጫዋች ሚስት ሆኜ ይጠፋኛል? ደሜ ፈላ።

«ጋሽ አያሌው፣ ከማን ጋር ነው?» አልኳቸው ዘበኛውን።

«ኧረ ብቻውን ነው ልጄ፣ ሰብለም እንደሆነች ቡሬ ሄዳለች» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው እሷን ማንሳታቸው ይበልጥ አቃጠለኝ።

በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። እመኑኝ፣ ብቻውን ነበር። ጀሶው ከአንገቱ ተንጠልጥሏል፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተሸጋሽጎ ለሌላ ሰው ቦታ ለቅቋል፣ በቀኝ እጁ ይጫወታል፣ በግራ በኩል ግን ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው ዝቅ ከፍ ይላሉ። ምስጋናው ወደ ባዶው ቦታ ዞሮ ፈገግ ብሏል። እንዲያ ብሎ እኔን ያየበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ አውጪኝ ይል ነበር፣ እኔን ግን ከፍርሃቱ ቅናቱ ቀደመኝና ሄጄ ባዶው ቦታ ላይ ዘጭ አልኩ።

«ተይ! እዚያ አትቀመጪ!» ብሎ ጮኸ።

አግዳሚው ሰው አሁን የተነሣበት ይመስል ይሞቃል። ኦርጋኑ ጸጥ አለ፣ ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ማን ናት?» አልኩት።

«አሁንማ ምን ዋጋ አለው፣ ሄደች» አለኝ።

ክንዱ ከዳነ ቆየ። የድሮ መዝሙሮችን በሁለት እጁ ይጫወታል፣ አዲስ ዜማ ግን እምቢ አለው፣ ያም የጀመረው እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። አንድ ቀን እንኳን አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፣ ዝም ብሎ እንደ ሐዘንተኛ ይቀመጣል።

ይኼን ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም። እሱ ሲወጣ፣ ብቻዬን ሽንኩርት ስከትፍ፣ ከጓዳ አንዲት ሴት ያንን ዜማ ታንጎራጉራለች፣ እሱ ካቆመበት አልፋ እስከ መጨረሻው። ስገባ ማንም የለም። ለምስጋናው መንገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ ግን ብነግረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አይወጣም፣ ጓዳዬ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ለእኔ ብሎ እንዳይመስላችሁ። ስለዚህ እሷ ስትጀምር ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ትናንት እሷም ድምጿን ከፍ አደረገች።