በልጥ ውስጥ የዋለችው

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሐይቁ የተነሣው ደመና ዝናቡን ሳይጥል በካምፓላ ኮረብቶች ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ኢንስፔክተር አኩሩት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ደፍ ተሻገረች።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መምህር ዋሉሲምቢ በሸክላ ጭቃው ገንዳ አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው ላይ ያረፈው ምት አንድ ብቻ ነው። የመታቸው ነገር እዚያው ወድቋል፤ የዛፍ ልጥ እየተቀጠቀጠ ልብስ የሚሆንበት፣ ፊቱ በቀጫጭን መስመሮች የተሸነተረ የእንጨት መዶሻ። ሐኪሙ እኩለ ቀን ገደማ ሞተዋል ብሎ ሄዷል።

«መዶሻው ሬሳውን ያገኘችው ተማሪ ነው፣ አፋንዴ» አለ ኮንስታብል ዋንዴራ ለአለቃው። «ትናንት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ሥራችን አለቀ ማለት ነው።»

«የጀመርነው መቼ ነው?» አለች አኩሩት።

ዋንዴራ ቆቡን አስተካከለ።

በግቢው መካከል፣ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ፣ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ሰው አለ። አኩሩት ቀርባ ስታየው ውስጡ ባዶ ነው። ቀይ ቡናማ ልጥ፣ ጀርባው ከማጅራት እስከ ወገብ በመቀስ የተቀደደ። አጠገቡ ሣሩ ላይ አንዲት ወጣት ተቀምጣ ውኃ ትጠጣለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ናኪቡካ ትባላለች፤ የመጨረሻ ዓመት የቅርጻ ቅርጽ ተማሪ ናት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመመረቂያ ሥራዬ።»

«ሐውልቱ?»

«ሐውልቱ ብቻ አይደለም። መቀመጤም ሥራው ነው። እርጥብ ልጥ ተጠቅልዬ፣ ሳልንቀሳቀስ እውላለሁ። ልጡ ሲደርቅ ገላዬን ይይዛል። ከዚያ ቀደው ያወጡኛል፤ ቅርጼ ይቀራል።»

«ቁጭ ብሎ መዋል ዲግሪ ካስገኘ፣ አጎቴ ፕሮፌሰር ነው» አለ ዋንዴራ።

ናኪቡካ አልተቆጣችም። ቁጣዋን ቀድማ የጨረሰች ትመስላለች።

«እንዲህ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። ይህ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ አፈረሰው። በሁለተኛው ቅርጹ በጥሩ ሁኔታ ወጣ፤ ፎቶዎቹ ግን ብዥ ብለዋል አለኝ የዛሬው ፎቶ አንሺ። ፈታኞቹ ቀኑን ሙሉ አብረውኝ አይቀመጡም፤ የሚፈርዱት በፎቶ ነው። ፎቶ ከሌለ አልተቀመጥኩም ማለት ነው። ፈተናው ሰኞ ነው፤ ከዛሬ ሌላ ዕድል የለኝም፤ ከወደቅኩ እሰናበታለሁ። አሁን ደግሞ እንኳን ፈተናው፣ እስር ቤቱ ቀረበኝ።»

«ከመምህሩ ጋር ምን አጣላችሁ?»

«‹ሥራሽን በሰው ዓይን ላይ አንጠልጥለሽዋል› አሉኝ። ጮኽኩባቸው። ‹ነገ ሥራሽ ሲያልቅ ነይ፤ ስለ ፎቶዎቹ የምነግርሽ አለ› አሉ። መጣሁ። እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

«ዛሬ ምን አየሽ?»

«ምንም። ፊቴም ተሸፍኖ ነበር፤ ለትንፋሽ የተተወልኝ ቀዳዳ ብቻ ነው።»

«ምን ሰማሽስ?»

«የካሜራውን ድምፅ። ፎቶ አንሺው በየሰዓቱ አንድ ሊያነሣ ተስማምተን፣ ገና በጠዋቱ በቆሎ እንደሚፈለፍል ሰው ቀጭ ቀጭ ያደርገው ጀመር። አፌን ብከፍት ልጡ ስለሚሸበሸብ በሆዴ ሰደብኩት። ከዚያ ረጅም ዝምታ ነበር። ሳላንቀላፋ አልቀረሁም።»

አኩሩት ቅርጹን ዞረችው። ትከሻው ላይ የማንጎ ቅጠል ተጣብቋል። በጥፍሯ አነሣችው። ከሥሩ ቅጠሉን የመሰለ ነጭ ምልክት ወጣ።

«እዚህ ጋ ለምን ነጣ?»

«ልጥ ከዛፉ ሲላጥ እንደ ድንች ሥጋ ነጭ ነው። የሚያቀላው ብርሃን ነው፤ ደመናም ቢሆን ቀስ እያለ ያቀላዋል። ቅጠሉ የሸፈነውን ብርሃን አላገኘውም።»

«አንዴ ከቀላ በኋላ ተመልሶ ይነጣል?»

«የተጠበሰ ሥጋ ተመልሶ ጥሬ ሆኖ ያውቃል፣ እትዬ?»

ፎቶ አንሺው ሙሎንዶ ከጣራው ክፈፍ ሥር፣ በሦስት እግር ከቆመው ካሜራው አጠገብ ነበር። ሸሚዙ አንድ መጨማደድ አልነበረበትም።

«ከጠዋት ጀምሮ ከዚህች ቦታ ንቅንቅ አላልኩም» አለ። «ምስክሬ ይኸው። በየሰዓቱ አንድ።»

አኩሩት ምስሎቹን አንድ በአንድ አየች። ጥግ ላይ ሰዓቱ ተጽፏል። የተጠቀለለችው ልጅ ሙሉውን ምስል ይዛዋለች፤ ሰማይም፣ ሣርም፣ ጥላም አይታይም።

«ጥላ ለምን የለም?»

«ጥላ ምስል ይቆርጣል። ደመናው ፀሐይዋን እስኪሸፍን እጠብቃለሁ። ሙያ ነው።»

«ፎቶው የማን ነው? የእሷ ወይስ ያንተ?»

ሙሎንዶ ፈገግ አለ። «ያነሣው ሰው ነዋ። እሷማ ተቀመጠች። ጉቶም ይቀመጣል።»

«እናንተ ዘንድ ይህ ልጥ የሙት መገነዣ ነው አይደል?»

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። ለቅሶ ቤት፣ ሬሳ ላይ ቀልቶ ያየሁት ነው። ከዚያ በፊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የገጠር ሰው ነው።»

ምክትል ኃላፊዋ ቲቤንዳ በቢሯቸው ቆመው ጠበቁ።

«ወንበሩ ለእኔ ነው የሚተርፈው» አሉ። «እኔንም ይጠርጥሩኝ።»

«እኩለ ቀን ላይ የት ነበሩ?»

«ፎቅ ላይ፣ ሃያ ተማሪ ፊት። በመስኮት ልጅቷን አየኋት፤ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። ከክፈፉ ሥር ያለው ግን ከላይ አይታይም።»

«ሟቹ ስለ ፎቶዎቹ ምን አውቀው ነበር?»

ቲቤንዳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ናይሮቢ ደርሰው ሲመለሱ፣ ‹የናኪቡካን ሥራ አንድ ትርኢት ላይ ተሰቅሎ አየሁት› አሉኝ። ‹ሌላ ሰው ይሆናል፤ የእሷ ፎቶዎች ተበላሽተው የለ› ብዬ ሳቅሁባቸው። እሳቸው አልሳቁም።»

አኩሩት ሦስቱንም ቅርጹ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዋንዴራ ከተረፈው ልጥ አንድ ቁራጭ በውኃ ነክሮ፣ በታዘዘው መሠረት ጀሪካን ላይ ጠቅልሎ ቆሟል።

«በኮንስታብሌ ልጀምር» አለች። «እሱ የሚለው፣ ናኪቡካ ሹልክ ብላ ወጥታ መምህሯን መትታ ተመለሰች፤ በመስኮት የታየው ባዶው ልጥ ነው። ጀሪካኑን አውጣው።»

ዋንዴራ ጀሪካኑን ከውስጥ ሳበ። ልጡ እንደ እርጥብ ፎጣ መሬት ላይ ተዘረረ።

«እኩለ ቀን ላይ ልጡ ገና እርጥብ ነበር። ሰው ከውስጡ ቢወጣ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ወይዘሮ ቲቤንዳ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ካዩት፣ ይህች ልጅ ውስጡ ነበረች። እሳቸውን ደግሞ ሃያ ተማሪ ሲያያቸው ነበር።»

«ታዲያ መዶሻው?» አለ ዋንዴራ፣ ልጡን እያየ።

«መዶሻ የያዘውን ሰው ስም አይናገርም። ሣሩ ላይ ተትቶ ነበር፤ ባለቤቷ ዓይኗ ተሸፍኗል። ሙሎንዶ፣ የእኩለ ቀኑን ፎቶ አሳየኝ።»

አሳያት። እሷም ካሜራውን ወደ ሌሎቹ አዞረችው።

«ልጡ ነጭ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተነሣውም ነጭ ነው። በመካከል ያሉት ሁሉ ነጭ ናቸው። ከዚያ ስምንት ሰዓት ላይ በአንድ ጊዜ ቡናማ ሆነ። ብርሃን እንዲህ አይዘልም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያቀላው። አንተ የረፋዱንና የእኩለ ቀኑን ፎቶዎች ጠዋት በተከታታይ ነው ያነሣሃቸው፤ የካሜራህን ሰዓት ወደ ፊት እየገፋህ። ያ የበቆሎ ፍልፈላ ድምፅ እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ደግሞ አንተ ዕቃ ቤት የሄድክበት ነው። ጥላ እንዳያጋልጥህ ደመና ጠበቅህ። ልጡ እንደሚቀላ ግን አላወቅህም፤ ያየኸው ቀልቶ ሬሳ ላይ ነው።»

ሙሎንዶ ሸሚዙን ዳበሰ። «ለምን ብዬ ሽማግሌ እገድላለሁ?»

«ባለፈው ‹ብዥ አሉ› ያልካት ፎቶዎች ብዥ አላሉም። ናይሮቢ በስምህ ሰቅለሃቸዋል። መምህሩ ዛሬ ሊነግሯት እንደሆነ ትናንት ከጭቅጭቁ መካከል ሰማህ። እሷን እያታለልክ የምትቀጥልበት ሥራ እዚያው ሊያበቃ ነበር። ሌሊቱን አሰብክበት።»

ናኪቡካ ቀና አለች።

«ጥርት ብለው ወጥተው ነበር?» አለች።

ሙሎንዶ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ካሜራው አየ። «ያላንቺም ቢሆን የእኔ ዓይን ነው» አለ። «አንቺ ተቀመጥሽ እንጂ ምን አደረግሽ? ሽማግሌው ግን ‹የተቀመጠችው እሷ ናት› ይለኛል። መቀመጥ ምንድን ነው?»

ዋንዴራ ካቴናውን አወጣ።

ሙሎንዶን ወስደው መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት፣ ናኪቡካ አኩሩትን እጅጌዋን ያዘቻት።

«ፎቶዎቹን መቼ አገኛለሁ?»

«ካሜራው ኤግዚቢት ሆኗል።»

«ቅርጹስ?»

አኩሩት ወደ ነጩ የቅጠል ምልክት አየች። «እሱም። ፍርድ ቤት እስኪወስን።»

«ፈተናው ሰኞ ነው እኮ።»

«እኔ ራሴ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ መቀመጥሽን ከእኔ የበለጠ ያጣራ ሰው የለም።»

«ቃል አይቀበሉም፣ እትዬ» አሉ ቲቤንዳ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ሕጉ ፎቶውም ሥራው ራሱም ይቅረቡ ነው የሚለው። እኔ ብሽረው ነገ የሟቹን ወንበር በዚህ ጀመረችው ይሉኛል።»

ናኪቡካ እጅጌውን ለቀቀች። ዋንዴራ ከመኪናው ተመልሶ ቅርጹ ፊት ቆመና እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው።

«በየት በኩል ልያዘው?» አላት፣ ቆቡን አውልቆ። «እንዳይሰበርብሽ።»

«ከጉልበቱ ሥር» አለች። «እዚያ ጋ ነው የሚጠነክረው።»

አብራው ተሸክማ እስከ መኪናው ደረሰች። ዝናቡ በመጨረሻ ጀመረ፤ አኩሩት ካፖርቷን አውልቃ ልጡን አለበሰችው።

ሰኞ ዕለት ፈታኞቹ ከናኪቡካ ስም ትይዩ «ሥራ አላቀረበችም» ብለው ጻፉ።