የእንግዳው ወንበር

ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ማርቆስ በሚገኘው የመምህር አምደሚካኤል ቤት፣ ጠረጴዛውን መሐል አድርገው ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ብርዝና ሰባ ስምንት የታሮት ካርታዎች ነበሩ፤ ዕጣ የሚነበብባቸው ጥንታዊ ሥዕሎች። አሥር ሰዓት ላይ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሞተዋል። አንዱ ብርጭቆ ታጥቧል፤ በሌላው የተባይ መድኃኒት ተገኘ።

ብርዙን በጥብጣ እንግዳው ሳይመጣ ገበያ የወጣችው ታየች ናት፤ መምህሩ ያሳደጓት፣ ሐሙስ ቤታቸውን በስጦታ ሊያዛውሩላት የነበረች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታሰረች።

ኢንስፔክተር ዜማ የሟቹን መዳፍ አነሳች። ከሥሩ አንድ ካርታ በሥዕሉ ተደፍቶ ነበር። አየችው፤ አሽጋ ኪሷ ከተተችው። የቀሩት ሰባ ሰባቱ ሳጥናቸው ውስጥ ነበሩ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ባለሱቁ ሐጂ በሽር ሄደች።

«የመምህሩን የካርታ ጥቅል መቼ ተቀበሉላቸው?»

«ትናንት ሰባት ሰዓት፣ ከአዲስ አበባው አውቶቡስ። በር ላይ ሰጥቼው ሳይከፍተው ተመለስኩ። ‹ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል› ቢለኝ፣ ‹ታዲያ እኩያህ ነዋ!› አልኩት።»

«ካርታ ሲያነቡ መጽሐፍ ያያሉ?»

«የለም፣ የኔ ልጅ። ካርታውን ወደ ራሱ አዙሮ ያስቀምጥና ‹መጀመሪያ ምን ታየህ?› ይላል። ‹ለእኔ እኮ ተዘቅዝቋል› ስለው፣ ‹የታየህን ተናገር!› ነው መልሱ። እኔ ሁልጊዜ ፍየል ነው የሚታየኝ።»

የሟቹ የወንድም ልጅ ታረቀኝ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

«ከፋሲካ ወዲህ ይህን ደጃፍ አልረገጥኩም። ትናንትም ደምበጫ ነበርኩ፤ መርዶው የደረሰኝ ማታ ነው» አለ።

«ካርታዎቹን ያውቋቸዋል?»

«የሰይጣን መጫወቻ! ቢጫ ሱሪ ለብሶ በአንድ እግሩ የሚጨፍር ሰው እያዩ ዕጣ መንገር! ያቺ ገረድም በዚሁ ነው ያጃጃለቻቸው።»

ዜማ ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ መምህሩ በሠላሳ ዓመት የሰበሰቧቸውን ሌሎች አሥራ አንድ የካርታ ሳጥኖች ከፍታ አንድ በአንድ መረመረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰበች። እሷ በመምህሩ ወንበር፣ ታረቀኝ በእንግዳው ወንበር ተቀመጡ። ሐጂ በሽር ከዜማ ጀርባ፣ ታየች እጇ በካቴና ታስሮ ከታረቀኝ ጀርባ ቆመዋል። ዜማ ካርታውን ከኪሷ አውጥታ ወደ ራሷ አዙራ አስቀመጠችው።

«ሐጂ፣ ከእኔ በኩል ምን ይታይዎታል?»

«እግሩን ታስሮ ቁልቁል የተሰቀለ ሰው።»

«አቶ ታረቀኝ፣ ከእርስዎ በኩልስ?»

ታረቀኝ ፊቱን ከካርታው አዞረ። ታየች አንገቷን አስግጋ አየች።

«በአንድ እግሩ... ይጨፍራል» አለች።

«ሱሪውም ቢጫ ነው» አለች ዜማ። «በአሥራ አንዱ ሳጥኖች ያለው የዚህ ሰው ሱሪ ወይ ቀይ ነው ወይ ሰማያዊ። ቢጫው እዚህ የገባው ትናንት ሰባት ሰዓት ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ መጀመሪያ መዳፋቸው ሥር፣ ከዚያ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር።»

«ሰው ነግሮኝ ይሆናል!»

«ማን? ሐጂ ጥቅሉ ሲከፈት አላዩም። ታየችን ከታሰረች ወዲህ ያነጋገራት የለም። ሲጨፍር ያየው እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠው እንግዳ ብቻ ነው።»

ታረቀኝ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ሥጋው እያለሁ ለገረድ! ቤቱን ለገረድ!»

ካቴናው ከታየች እጅ ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። ታየች ረቡዕ አሥር ሰዓት ላይ ተፈታች፤ ታስራ የቆየችው ሃያ ሁለት ሰዓት ነው።