የፋኑ ሁለተኛ ፊውዝ

ሽሻይ መቀሌ፣ ዓይደር ሆስፒታል ሬሳ ክፍል ከነሥራ ልብሱ ተጋድሟል። ትናንት ሰኞ ቀትር ላይ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ፣ የተበላሸ የአየር ማስወጫ ፋን ሲጠግን ኤሌክትሪክ ገደለው። የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነበር። ጦርነቱ የበተነውን የሠራተኛ ማኅበር መልሶ ለማቋቋም ፊርማ ሲያሰባስብ የከረመውም እሱ ነው፤ መሥራች ጉባኤው ለፊታችን እሑድ ተቀጥሯል።

ኢንስፔክተር ዘቢብ የሟቹን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው፤ ስልክ፣ የኤሌክትሪክ ቴስተር፣ ከሱሪ ኪሱ የወጣ አንድ ነጭ የሸክላ ፊውዝ። የደረት ኪሱ ባዶ ነው፤ ክዳኑ ግን ተከፍቶ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ፋብሪካው የላከላት ሪፖርት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ሟች በምሳ ሰዓት፣ ማንም ሳያዘው፣ ኃይል ሳያቋርጥ፣ በራሱ ግድየለሽነት ሞተ ይላል። አለቃዋም እስከ ማታ ዝጊው ብሏታል። እንዲህ ከተዘጋ ሟቹ ሥራ ላይ አልሞተም ማለት ነው፤ ሚስቱና ሁለት ልጆቹም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

ሚስቱ ኣሰለፈች በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ሓፍተይ፣ እህቴ» አለቻት፣ «ካሣው ይቅርብኝ። ግድየለሽ ነበር ብለው ግን እንዳይጽፉበት። ልጆቹ ማንበብ ይችላሉ።»

ዘቢብ ምንም ቃል ሳትገባላት ባጃጅ ያዘች። እሷም በጦርነቱ ጊዜ ያለ ደመወዝ ዩኒፎርም ለብሳ ከርማለች፤ የተራበን ሰው ታገሥ የሚል ጥጋበኛ ሲያጋጥማት ደሟ ይፈላል።

በፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለባለሀብቶች የተዘጋጀ ፖስተር ተሰቅሏል። «ርካሽ ጉልበት፣ ነፃ ገበያ፣ የማያስቸግር ሠራተኛ» ይላል። ዘቢብ ጥርሷን ነከሰች። ዋጋ ተለጥፎበት ለገበያ የቀረበው የጎረቤቶቿ ልጆች ጉልበት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከፋለ ፋብሪካው ወደ ግል ሲዛወር ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። ወንበር ጋብዟት ሳትቀመጥ ስለ ገበያ ማስረዳት ጀመረ። መንግሥት እጁን ሲያወጣ ባለሀብት ይመጣል፣ ማኅበር ሲመጣ ባለሀብት ይሄዳል አላት። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሰው እንዳልነበረም ማለ። ማስረጃውን ያቀረበው የሰው ኃይል ኃላፊው ረታ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ ወጣት። ከአሻራ መቆጣጠሪያው የታተመ ነው ያለውን ዝርዝር ዘረጋላት። ራሱን ጨምሮ፣ ከሽሻይ በቀር ሠራተኛው በሙሉ ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቷል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ገብቷል።

«አሻራ አይዋሽም» አለ።

ቀጥላ ያነጋገረችው ሃይላይን ነው። የሽሻይ የሥራ ባልደረባ ሲሆን፣ ለዋና ቴክኒሺያንነት ተወዳድረው ተኳርፈው እንደነበር ረታ ሳትጠይቀው ነግሯታል። ሃይላይ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ውጭ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የፊውዝ ሳጥን ወሰዳት። የፋኑ ፊውዝ በቦታው ተሰክቷል። ዘቢብ ከቦርሳዋ ሌላውን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄ የት ተገኘ?» አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ኪሱ ውስጥ።»

ሃይላይ ግድግዳውን ተደገፈ። «ድሮ የየራሳችን ቁልፍ ነበረን፣ ሳጥኑን ቆልፈን ነበር ወደ ላይ የምንወጣው። አዲሶቹ ባለቤቶች ወጪ ነው ብለው አስቀሩት። ከዚያ ወዲህ ፊውዙን ነቅለን ኪሳችን እንከታለን። የፊውዙ ቤት ባዶ ከሆነ ላይ የሚሠራ ሰው አለ ማለት ነው። ከእኛ ባዶ ቤት የሚሞላ የለም፣ ኢንስፔክተር፤ ያበደም አይሞላ።»

ታዲያ የተሰካው ከየት መጣ ስትለው ግምጃ ቤት ውስጥ መለዋወጫ ፊውዝ ከጠፋ ስምንት ወሩ ነው አላት። ትናንት ሌላ የቆመ ነገር እንዳለም ጠየቀችው። ከሰባት ሰዓት በፊት የአስተዳደሩ ሕንፃ መብራት መጥፋቱን፣ ስምንት ሰዓት ላይ ረታ እንዳስጠራው፣ የሕንፃውን ፊውዝ ቤት ባዶ አግኝቶ በመዳብ ሽቦ እንዳገናኘው ነገራት። እዚህ ዕቃ ቢጠፋ ብርቅ ስላልሆነ ዝም ብሏል። ሽሻይ ደግሞ አንዴ ያለ ትእዛዝ ሠራህ ተብሎ ከተቀጣ ወዲህ ካልተጻፈለት ሚስማር እንኳ እንደማይመታ ጨመረላት።

ማጠቢያ ክፍል የምትሠራው ሰላማዊ የምትባል ሴት ዘቢብ ስታነጋግራት ታስል ነበር። ፋኑ ከቆመ ሦስት ወሩ ነው። ትናንት ምሳዬን ቤቴ በላሁ አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። ቤቷ ዓዲ ሓቂ ነው፤ ከሰሜን ክፍለ ከተማ እስከዚያ በእግር ሄዶ፣ በልቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መመለስ አይቻልም። ዘቢብ ይህን አላነሳችባትም፤ ረታ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በስፌት አዳራሹ ተሰበሰቡ። ኣሰለፈችም መጣች። ከፋለ የምርት ሰዓት ባከነ እያለ አጉረመረመ።

«ለአንድ ፋን ሁለት ፊውዝ አገኘሁ» ብላ ጀመረች ዘቢብ። «አንዱ ኪሱ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ሽሻይ ኃይል አቋርጧል፤ ግድየለሹ እሱ አይደለም። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ሰካው። ኤሌክትሪሺያን አይደለም፤ ኤሌክትሪሺያን ቢሆን ሟቹ ኪስ ውስጥ ያለውን ፊውዝ መጀመሪያ ያጠፋ ነበር። ይህ ሰው ግን የደረት ኪሱን ብቻ ፈትሾ ሄደ።»

ከዚያ ሁለተኛው ፊውዝ ከየት እንደመጣ አስረዳች። ግምጃ ቤት ውስጥ የለም፤ ከአስተዳደሩ ሕንፃ ጎድሏል። እሱ ሲነቀል ሕንፃው ጨለመ፤ መቀሌ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

«የአሻራው ማሽን ያለው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት መብራት አልነበረም። የሰባት ሰዓቱን አሻራ ማን መዘገበው፣ አቶ ረታ?»

«ባትሪ አለው።»

«ባትሪው አምና ሞቷል» አለ ሃይላይ። «እንዲቀየር ጠይቄ ወጪ ነው ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ዝርዝሩ የተፈበረከ ነው» አለች ዘቢብ። «የሕንፃው የፊውዝ ሳጥን ቢሮህ ውስጥ ነው፤ ቁልፉም አንተ ጋ ብቻ።»

«ምሳ ላይ ነበርኩ። ሁሉም ምሳ ላይ ነበር። ማን አየኝ?»

ዘቢብ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበራችሁ?»

ሴቶቹ ከፋለን አዩት። እውነቱን መናገር ነገ ከሥራ መባረር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሰላማዊ ሳል እያቋረጣት ተነሣች።

«ሥራ ላይ ነበርኩ። ምሳ ወጣን ብለን አሻራ እንሰጣለን፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመልሰን ማሽን ላይ ነን። ሁልጊዜ ነው። ሽሻይ ወረቀት አሳየኝ፤ በመጨረሻ ረታ ፈረመልኝ፣ ከነገ ጀምሮ አታስይም ብሎኝ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ፋኑ እስኪጠገን ብለው እኛን ወደዚህ አዳራሽ አዛወሩን። ረታ በዚህ መስኮት በኩል ወደ ማጠቢያው ሲሄድ አየሁት። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ።»

«እኔም ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አይቼዋለሁ» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ሌላዋም ተነሣች።

ዘቢብ ወደ ረታ ተጠጋች። ንዴቷን ለመደበቅ አልሞከረችም።

«ማብሪያ ብቻ ተጭነህ ኃይል የምትለቅበት መስሎህ ሄድክ፤ የፊውዙን ቤት ባዶ አገኘኸው። እሱ ፋኑ ላይ ነው። ያኔ መተው ትችል ነበር። ቢሮህ ተመልሰህ፣ ሳጥን ከፍተህ፣ ፊውዝ ነቅለህ መጣህ። ለክቼዋለሁ፤ መንገዱ ደርሶ መልስ ሰማንያ እርምጃ ነው። ሰማንያ እርምጃ ሙሉ አስበህበታል። ከዚያ ፊርማህ ያለበትን ወረቀት ከሬሳ ላይ ወሰድክ።»

ረታ ወደ ከፋለ ዞረ። «የልብሳችን የውጭ ገዢዎች ተቆጣጣሪዎች ሐሙስ ይመጣሉ፣ ሽሻይ የምሳውን ጉዳይ ሊነግራቸው ነው፣ ከእሑድ በፊት አንድ ነገር አድርግ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ግደል አላልኩህም!»

«እንዴት ብለህም አልጠየቅከኝም።»

ዘቢብ ከጣቢያ ያስጠራቻቸው ፖሊሶች ረታን ይዘው ሲወጡ ከፋለ እሷን ወደ ጎን ሳባት። የሁለት ሰዎች ጠብ ብላ እንድትጽፈው፣ የምሳውን ነገር እንድትተወው ለመናት። ገዢዎቹ ከሰሙ ፋብሪካው ይዘጋል፣ እነዚህ ልጆች ይራባሉ አለ።

«አሁንስ ጠግበው ነው?» አለችው ዘቢብ። «ምሳቸውን ወስደህባቸዋል፤ የሚቆምላቸውን ሰው ወሰድክባቸው። ረሃባቸውን ደግሞ መያዣ ታደርጋለህ? ጣቢያ ትመጣለህ፤ ያንተ ቃል ለብቻው ይጻፋል።»

ከስፌት ማሽኖቹ በአንዱ ላይ ወረቀት ዘርግታ እዚያው ጻፈች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ሽሻይ በጽሑፍ በተሰጠ ትእዛዝ፣ ኃይል አቋርጦ፣ በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ላይ ሳለ ተገደለ። ምስክር ማን ይፈርማል ስትል ሰላማዊ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ሌሎቹ ከኋላዋ ተሰለፉ፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደረሰ። ከፋለ ወደ ማሽናችሁ ተመለሱ ብሎ ጮኸ። የሰማው የለም።

ኣሰለፈች ማሽኑ አጠገብ ቆማ አንገቷን አቀርቅራ ትሰማ ነበር።

«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ፣ ሓፍተይ» አለች። «ቀስ ብለሽ፤ ለልጆቹ በቃሌ ልያዘው።»

ዘቢብ ደገመችላት።